«ፎርማት አድርገው» ላልከኝ

ካሜራው ሚሞሪ ካርዱን አላነብም ሲል «ፎርማት አድርገው፣ ይስተካከላል!» አልከኝ። ካሜራውስ ይስተካከላል፤ ሰርጉስ? አያትየው ቆመው የመረቁበት ፎቶ ሚሞሪው ውስጥ ነው። አንተ ሙሽሮቹን መልሰህ ልትድራቸው ነው?

«ካሜራው ራሱ ነው ፎርማት ላድርግ ያለኝ» አትበለኝ። ካሜራው የሚፈልገው የሚጽፍበት ቦታ ነው፤ የተዳረችው እህቱ አይደለችም። እምቢ በለው፣ ካሜራውን አጥፋ፣ ሚሞሪውን አውጣ። ከዚያ ወዲያ አንድም ፎቶ አታንሳበት፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ሊጻፍ ይችላል።

«ላፕቶፑም ፎርማት ካልተደረገ አልከፍትም አለ!» መጀመሪያ የካርድ ሪደርህን ዕድሜ ንገረኝ። ከ32 ጊጋ በላይ የሚይዘው ኤስዲኤክስሲ የተባለው የሚሞሪ ዓይነት ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ሪደር ላያውቀው ይችላል። ሪደሩ ስላረጀ ሚሞሪው ይቀበር?

«ተቆልፏል ይለኛል፣ ውስጡ ተቃጥሎ ይሆን?» አልሽኝ አንቺም። የለም እህቴ። ሚሞሪው ጎን ላይ ያለችው መቆለፊያ ከውስጡ ጋር ምንም አያገናኛትም፤ የት እንደቆመች የሚያየው የካሜራው ማስገቢያ ነው። ወርዳ ከሆነ ወደ ላይ ግፊያት። ወልቃ ከጠፋችም ፎቶዎቹ በቦታቸው አሉ፣ ላፕቶፕ ላይ ገልብጪያቸው።

«እኔ ቀድሜ ፎርማት አድርጌዋለሁ፣ አለቀልኝ» ያልከው ደግሞ ና፣ አላለቀልህም። ተራ ፎርማት የቀደደው የመጽሐፉን ማውጫ ነው፤ ገጾቹ አሉ። ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ማውጫውን ትቶ ገጽ በገጽ እየፈለገ ያወጣልሃል። የወጣውን ላፕቶፑ ላይ አስቀምጥ፣ እዚያው ሚሞሪ ላይ አትመልስ። ካኖን ላይ «ሎው ሌቭል ፎርማት» የሚለውን መርጠህ ከሆነ ግን ገጾቹም ተጠርገዋል፤ በውሸት ተስፋ አላጽናናህም።

ሚሞሪው ጭራሽ አልታይ ሲል «ሰካ ነቀል አድርገው፣ ይነቃል» የሚሉህን አትስማ። ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለህ ጥረግ፣ ሌላ ሪደር ሞክር፤ አሁንም ካልታየ ለባለሙያ ስጥ።

«በግማሽ ዋጋ 128 ጊጋ አገኘሁ!» ያገኘኸው ተለጣፊውን ነው! ውስጡ 8 ጊጋ ሆኖ «128 ነኝ» እንዲል የተደረገ ሚሞሪ ገበያው ላይ አለ። ካሜራው ያምነዋል፣ ላፕቶፑም ያምነዋል። 8ቱ እስኪሞላ ሁሉ ሰላም ነው። ሙሽራዋ ስትለብስ ያነሳኸው አለ፤ ኬኩ ሲቆረስ ያነሳኸው ግን ስሙ ብቻ አለ፣ ሲከፈት ባዶ ወይም ግማሹ ግራጫ ነው። በዚያ ሁሉ ሰዓት ካሜራው አንድም ማስጠንቀቂያ ላይሰጥህ ይችላል። ከብልሽት ሁሉ ይህን አብዝቼ እጠላለሁ፤ የሰው ትዝታ እያወቁ የሚሰርቁበት ንግድ ነውና። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው እና ኤፍ ስሪ የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ሚሞሪውን እስከ ጥጉ ሞልተው፣ መልሰው አንብበው ውሸቱን ያወጡታል። «ሰዓታት ይፈጃል፣ ጊዜ የለኝም» አልክ? ለሙሽራዋ እናት የምታስረዳበት ጊዜ ከየት ይመጣል?

ሰርግ የምታነሱ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ካሜራችሁ ሁለት ማስገቢያ ካለው ሁለተኛውን «ባክአፕ» ላይ አድርጉት። አንድ ብቻ ካለው ቀኑን ሙሉ በአንድ ሚሞሪ አትዋሉ፤ በየመሃሉ ቀይሩ። እባካችሁ፣ ከሚቀጥለው ቅዳሜ በፊት።