ስሕተቱ የቡድኖቹ ነው

ዲሴምበር ሲገባ አሜሪካ ውስጥ ፋታ የሚያጣው የገና ስጦታ ሻጭ ብቻ አይደለም። የጥሎ ማለፍ ተንባይም እንቅልፍ የለውም። ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ቁመቱን የሚያህል የንክኪ ስክሪን ፊት ቆሞ፣ የቡድኖቹን አርማ በጣቱ ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስ ያመሻል። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞር ይልና «ይህ ቡድን ጥሎ ማለፍ የመግባት ዕድሉ 73 በመቶ ነው» ይላል። ሰባ ቢል ገማች በተባለ ነበር። ሳይንቲስት ያደረገችው ሦስቷ ናት።

አንባቢ እንዳይደናገር፣ የሚወራው ሞላላ ኳስ በእጅ እየተያዘ ስለሚሮጥበት ስለነሱ እግር ኳስ ነው (ዓመቶቹም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ኤንኤፍኤል 32 ቡድኖች አሉት። እያንዳንዱ 17 ጨዋታ ያደርግና 14ቱ ወደ ጥሎ ማለፉ ይገባሉ። ኮሌጆቹ በበኩላቸው ከ2014 ጀምሮ አራት፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ 12 ቡድኖች የሚሳተፉበት ጥሎ ማለፍ አላቸው፤ ተሳታፊዎቹን የሚመርጠው ኮሚቴ ነው። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው፤ ይጫወታሉ፣ ውጤቱ ይታወቃል፣ የተሻለው ያልፋል። ችግሩ እንዲህ ቀላል ነገር በሁለት ጨዋታ መካከል ያለውን የአየር ሰዓት አይሞላም።

የሙያው ሕግ አንድ ነው፤ ተንባይ አይሳሳትም። የተናገረው ካልሰመረ ቡድኑ «አስደንጋጭ ውጤት አስመዘገበ» ይባላል እንጂ እሱ ሳተ አይባልም። አገር ቤት ሞራ ገላጭ እንኳ የበጉን ሞራ ዘርግቶ የተናገረው በተደጋጋሚ ከከሸፈ በግ የሚያርድለት ያጣል። የቴሌቪዥኑ ሞራ ገላጭ ግን ውሉ ይታደስለታል።

የኮሌጆቹ ኮሚቴ ሥራውን የጀመረበትን 2014ን እንይ። አባላቱ ግሬፕቫይን በምትባል የቴክሳስ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ በር ዘግተው ይመክሩና ማክሰኞ ማታ ደረጃውን በቴሌቪዥን ያስነግራሉ። የመጀመሪያው ዝርዝር ሲወጣ አንደኛ ሚሲሲፒ ስቴት ነበር። ኦሃዮ ስቴት 16ኛ። ዋንጫውን የወሰደው ማን ነው? ኦሃዮ ስቴት። ሚሲሲፒ ስቴት ከአራቱ ውስጥም አልገባም። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ሦስተኛ የነበረው ቲሲዩ ተጋጣሚውን 55 ለ 3 ቀጥቶ ወጣና በማግስቱ ራሱን ስድስተኛ ደረጃ ላይ አገኘው። በ52 ነጥብ አሸንፎ ሦስት ደረጃ መውረድ ቀላል ችሎታ አይደለም። ኮሚቴው በየሳምንቱ ከባዶ ወረቀት እንደሚጀምር ይናገራል። እንግዲህ ያለፈው ማክሰኞ ያን ሁሉ ሰዓት የፈጀው ዝርዝር ምን ነበር ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ስለዚያ የኦሃዮ ስቴት ቡድን አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም፤ ኋላ ላይ ይፈለጋል። የቡድኑ አንደኛ ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ውድድሩ ሳይጀመር ተጎዳ፤ ተተኪውም ከሚሺጋን ጋር ሲጫወቱ ከሜዳ ወጣ። የቀረው ሦስተኛው ልጅ ካርዴል ጆንስ ነበር። በእሱ መሪነት ዊስኮንሲንን 59 ለ 0፣ አላባማን 42 ለ 35፣ ኦሪገንን 42 ለ 20 አሸነፉ። ዋናው ኳርተርባክ የሌለው ቡድን ከቁጥር አይገባም የሚል ሰው ካለ፣ ይህን ሦስት ጨዋታ ቢያይ ይበቃው ነበር።

ካለማ አለ፤ ራሱ ኮሚቴው ነው። በ2023 ፍሎሪዳ ስቴት 13 ጨዋታ አደረገ፣ 13ቱንም አሸነፈ፣ የኮንፈረንሱንም፣ ማለትም የምድቡን፣ ዋንጫ ወሰደ። ግን ኖቬምበር ላይ ኳርተርባኩ ጆርዳን ትራቪስ እግሩ ተሰበረ። ኮሚቴውም «ቡድኑ ያለ እሱ ያው ቡድን አይደለም» አለና አንድ ጊዜ የተሸነፉትን ቴክሳስንና አላባማን አስገብቶ፣ አንዴም ያልተሸነፈውን በር ላይ አስቀረው። ያልተሸነፈ የታላላቆቹ ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ከጥሎ ማለፉ ሲቀር ያ የመጀመሪያው ነው። እዚህ ላይ ሙያው ከፍተኛው እርከን ላይ ደረሰ። እስከዚያ ድረስ ትንበያ ውጤቱን ይከተል ነበር፤ ያን ቀን ቀደመው። ወደፊት ሊሸነፍ ይችላል ተብሎ የተጠረጠረ ቡድን፣ ሳይሸነፍ ተሸነፈ።

ተጎጂው ትራቪስ ራሱ፣ ቡድኑ በእሱ ብቻ የቆመ እንዳልሆነ ይታይ ዘንድ እግሬ ቀደም ብሎ በተሰበረ ኖሮ ብሎ ጻፈ። የ23 ዓመት ጎረምሳ ስለ አጥንቱ እንዲህ ብሎ እንዲመኝ ያደረገ የስሌት ዘዴ ሊደነቅ ይገባዋል። ፍሎሪዳ ስቴት ከዚያ ብዙ ተጫዋቾቹ አንገባም ባሉበት ጨዋታ በጆርጂያ 63 ለ 3 ተቀጠቀጠ። ተንታኞቹም ደስ አላቸው፤ «አላልናችሁም?» አሉ። በር የተዘጋበት ቡድን ልቡ መሰበሩ ትንበያው ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። የተመረጠው አላባማም በመጀመሪያው ጨዋታ በሚሺጋን ተሸንፎ ወጣ፤ ስለዚህኛው ማስረጃ ግን የተናገረ ብዙ የለም።

በ2024 ቡድኖቹ 12 ሲሆኑ፣ አራት የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች የመጀመሪያውን ዙር እያረፉ እንዲያልፉ ተደረገ። ዕረፍት ትልቅ ጥቅም ነው ተብሎ ሳምንቱን ሙሉ ተተነተነ። ኦሪገን፣ ጆርጂያ፣ ቦይሲ ስቴትና አሪዞና ስቴት ካረፉ በኋላ ወደ ሜዳ ወጡ። አራቱም ተሸነፉ። ዋንጫው ኖቬምበር መጨረሻ በሜዳው በሚሺጋን 13 ለ 10 ተረትቶ «አለቀለት» ለተባለው ለኦሃዮ ስቴት ሆነ።

ኤንኤፍኤል ውስጥ ደግሞ ሙያው ሂሳብ ይለብሳል። በውድድሩ መጨረሻ ሳምንታት ሊጉ ራሱ ማን በምን መንገድ እንደሚያልፍ ዝርዝር ያወጣል፤ እከሌ ካሸነፈና እከሌ ከተሸነፈ፣ ወይም እከሌ አቻ ወጥቶ እነ እከሌ ሁለቱም ከወደቁ እያለ ይቀጥላል። ስድስት ጨዋታ አሸንፎ ስምንት የተሸነፈ ቡድንም በስክሪኑ ጥግ «ገና በፉክክሩ ውስጥ» በሚለው ርዕስ ሥር አርማው ይንጠለጠላል፤ የግማሹን አገር ተመልካች ቻናል ቀይር የሚል ጣቢያ የለምና። በ2001 የኮልትስ አሠልጣኝ የነበሩት ጂም ሞራ በጨዋታ ተቀጥቅጠው በወጡበት ቀን ስለ ጥሎ ማለፍ ሲጠየቁ፣ ድምፃቸው እየቀጠነ፣ እኔ አንድ ጨዋታ ባሸነፍ ምን አለ የሚል መልስ ሰጡ። ቪዲዮው እስከ ዛሬ እየተሳቀበት ይታያል። በዚያ ሙያ ውስጥ እውነት ስትነገር ቀልድ ትመስላለች።

ሁለት ቡድኖች እኩል ሲሆኑ ደግሞ ማለያ ሕጎች አሉ። እርስ በርስ የተጫወቱት ይታያል፤ ከዚያ በኮንፈረንስ ውስጥ ያስመዘገቡት፤ ከዚያ በጋራ ተጋጣሚዎች ላይ ያገኙት፤ ከዚያ ያሸነፏቸው ቡድኖች ጥንካሬ፤ ከዚያ የነጥብ ልዩነት። ኮምፒዩተሮቹ ይህን ሁሉ እያሰሉ ሺህ ጊዜ ያጫውታሉ። የዝርዝሩ የመጨረሻ ሕግ ግን ሳንቲም መወርወር ነው። ያ ሁሉ አልጎሪዝም ተሂዶ ተሂዶ መድረሻው ዘውድ ወይስ ጎፈር!

የ2021 መደበኛ ውድድር የመጨረሻ ቀን፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 2022፣ ለዚህ ሙያ መማሪያ ሊሆን ይገባዋል። ኮልትስ ጥሎ ማለፍ ለመግባት ሁለት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈውን ጃክሰንቪልን ማሸነፍ ብቻ ነበረበት። የጃክሰንቪል ደጋፊዎች በባለቤቱ ተናደው የሰርከስ ቀልደኛ ለብሰው፣ ቀይ አፍንጫ ለጥፈው ስታዲየም ገቡ። ትንበያው ሁሉ ወደ ኮልትስ ነው። ውጤቱ 26 ለ 11፣ ለቀይ አፍንጫዎቹ። በዚህ ምክንያት ማታ ላስቬጋስ ላይ የተገናኙት ሬይደርስና ቻርጀርስ አቻ ቢወጡ ሁለቱም የሚያልፉ ሆነ፤ አንዳቸው ካሸነፉ የሚያልፈው ፒትስበርግ ግን ይቀራል። ሬይደርስ 29 ለ 14 ሲመራ ቆይቶ፣ ቻርጀርስ በመደበኛው ሰዓት የመጨረሻ ኳስ 29 ለ 29 አደረገ። በጭማሪውም 32 ለ 32 ሆኑ። ሰዓቱ እያለቀ፣ ሁለቱም ሊያልፉ ደቂቃ ሳይሞላ ሲቀራቸው፣ የቻርጀርስ አሠልጣኝ 38 ሰከንድ ላይ ዕረፍት ጠየቀ። ሬይደርስ ትንሽ ተጠጋና ሰዓቱ ሲያልቅ በእግር መትቶ 35 ለ 32 አሸነፈ። ቻርጀርስ ቀረ፣ ፒትስበርግ አለፈ። ያንን ማታ በጠዋቱ የተነበየ አንድም ስክሪን የለም፤ ማታ ግን ሁሉም ያብራሩት ነበር።

ይህ ሁሉ በነፃ የሚሰጥ አገልግሎት ነው ያለ ማነው? በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የስፖርት ውርርድን የሚያግደውን የፌዴራል ሕግ ከሻረ ወዲህ ትንበያው ከነዋጋው ይመጣል። ዋናው የስፖርት ጣቢያ ኢኤስፒኤን፣ የኮሌጆቹን ጥሎ ማለፍ የሚያስተላልፈውና የማክሰኞውን ደረጃ የሚያውጀው ያው ጣቢያ፣ በ2023 ስሙን ለአንድ የውርርድ መተግበሪያ አከራየ። ውሉ ለ10 ዓመት፣ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በሁለት ዓመት ገደማ ፈረሰ። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ይባል የለ?

በቀጥታ ስርጭት የሚታየው የማሸነፍ ዕድል መስመርም አለ። በ2017ቱ ሱፐር ቦውል፣ በኤንኤፍኤል የፍጻሜ ጨዋታ፣ አትላንታ 28 ለ 3 ሲመራ መስመሩ ከ99 በመቶ በላይ ወጣ። ኒው ኢንግላንድ በጭማሪ ሰዓት 34 ለ 28 አሸነፈ። ባለ ስሌቶቹ ሲጠየቁ መልሳቸው ዝግጁ ነበር፤ መቶ አላልንም። ከዚያ በፊት በ2008 ያው ኒው ኢንግላንድ 18 ጨዋታ ሳይሸነፍ መጥቶ በፍጻሜው በጃያንትስ 17 ለ 14 ወድቋል፤ ያኔም የተሳሳተው ኒው ኢንግላንድ ነበር።

በኦገስት 2025፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ የተንባዮቹ የኮሌጆች ዝርዝር ሲወጣ አንደኛ ቴክሳስ፣ ሁለተኛ ፔን ስቴት ነበሩ። ፔን ስቴት ኦክቶበር ላይ አሠልጣኙን አባረረ፤ ቴክሳስም ከ12ቱ ውስጥ አልገባም። 20ኛ የተባለው ኢንዲያና 16 ጨዋታ አሸንፎ ማያሚን 27 ለ 21 ረታና ጃንዋሪ 19 ቀን ዋንጫውን አነሳ። ማያሚ ራሱ በዚያ ፍጻሜ የተገኘው፣ ኮሚቴው ለሳምንታት ከኖትርዳም በታች ሲያስቀምጠው ከርሞ፣ ሁለቱም ባልተጫወቱበት በመጨረሻው ሳምንት ድንገት ገልብጦ ስላስገባው ነው። ከዚህ በኋላ ተንባዮቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ ብሎ የጠበቀ ካለ ትንበያ አይሆንለትም። የኢንዲያና ልጆች የዋንጫውን ደስታ ሳይጠግቡ ያወጡት የ2026ን 25 ቡድኖች ዝርዝር ነው። «እጅግ ቀድሞ የወጣ» የሚል ስምም ራሳቸው ሰጥተውታል። የመጀመሪያው ጨዋታ ኦገስት መጨረሻ ላይ ነው።