ኮንትራክተሩን አትውቀሱት

ቤት አሠርቶ የመጨረሻውን ሂሳብ ያየ ሰው ሁሉ ኮንትራክተሩን ያማል። ነውር ነው። ሰውየው ቁልፍ ሲያስረክብ መጀመሪያ ከተናገረው ዋጋ እጥፍ ጠየቀ እንጂ ምን በደለ? ያ የመጀመሪያው ዋጋ እኮ ባለቤቱን ለማስደሰት የተጻፈ ነበር። ባለቤቱም ተደስቷል፤ ተጠንቅቀው ያሰሉትን ሌሎቹን ኮንትራክተሮች «ዘራፊዎች» ብሎ የሸኛቸው በዚያ ደስታ ነው። ደስታ ደግሞ በነፃ አይገኝም።

እስቲ ሂሳቡን በቀና ልብ እናንብበው። በመጀመሪያ «ጥቁር አፈር ማስወጫና ሰሌክት ማቴሪያል» ይላል። ቦታው አቃቂ ነው። አቃቂ ጥቁር አፈር መኖሩን ኮንትራክተሩ ከየት ይወቅ? የሰፈሩ ሕፃን ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው ጫማውን ቢያስቀርበትም፣ ባለሙያ በወሬ አይሠራም። ቅድመ ክፍያውን ይቀበላል፣ ይቆፍራል፣ ከዚያ በኋላ ይደነግጣል።

ቀጥሎ «የዶላር ጭማሪ» አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሴራሚኩና የኤሌክትሪክ ገመዱ መወደዱ እውነት ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። የኮንትራክተራችን ሊቅነት የሚታየው ግን አሸዋው ላይ ነው። የሞጆ አሸዋ በዶላር መቆጠር ጀምሯል። ድንጋይ ጠራቢውና የቀን ሠራተኛውም እንዲሁ በዶላር ተሰልተዋል፤ በሂሳቡ ወረቀት ላይ እንጂ በኪሳቸው ግን አይደለም።

«የሲሚንቶ ብክነት» የሚለውን ደግሞ አትመርምሩት። የባከነው ሲሚንቶ የት እንደገባ የሚያውቀው በሌላኛው ሳይት ሌሊቱን የቆመው አጥር ብቻ ነው። በመጨረሻ 15 በመቶ ቫት ትመጣለች፤ ዋጋ ሲነገር ያልነበረች፣ ደረሰኝ ሲጠየቅም የማትገኝ።

የሂሳቡ ዘውድ ግን «ተጨማሪ ሥራ» ነው። ባለቤቱ እሑድ ሳይቱን ሲጎበኝ «ይቺ መስኮት ትንሽ ሰፋ ብትል» ይላል። «ችግር የለም ጋሼ፣ እንተሳሰባለን» ይባላል። ዋጋው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ደግሞ ወንድምን አለማመን ይሆናል። ዋሽንግተን ሆኖ በቫይበር ቪዲዮ ቤቱን የሚያሠራው ወገናችን ከዚህም የባሰ ጨዋ ነው፤ «አንተ ካልክ ይሁን» ይላል። ኮንትራክተሩ ለዚህ ጨዋነት በሜትር ካሬ ያስከፍላል።

ታላላቆቹስ መች ተረፉ? የሲድኒው ኦፔራ ሃውስ በ1957 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ዶላር ሲሰላ 7 ሚሊዮን ይፈጃል ተብሎ ነበር፤ በ1973 ሲመረቅ 102 ሚሊዮን ደርሷል። የስኮትላንድ ፓርላማ ሕንፃ ቢበዛ በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ያልቃል ተብሎ 414 ሚሊዮን ወጣበት። እጥፍ ብቻ የጠየቀው የእኛ ሰው ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ባሕታዊ ነው። ስኮትላንዶች ግን ነገረኞች ናቸው፤ በሎርድ ፍሬዘር የሚመራ አጣሪ አቁመው ገንዘቡ የት እንደሄደ አስመረመሩ። እኛ እንዲህ አንዋረድም። ሽማግሌ እንልካለን።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ ቡና ጠጥተው፣ «ጭማሪውን ግማሽ ግማሽ ተካፈሉ» ይላሉ። ይሄኔ ሁሉም ፍትሕ አገኘሁ ብሎ ይነሳል። ኮንትራክተሩ ይህን ፍርድ የሚያውቀው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ነው፤ ስለዚህ ጭማሪውን ሲጽፍ አስቀድሞ እጥፍ አድርጎ ይጽፈዋል። ሽማግሌ የቆረጠለት ግማሽ ያሰበው ሙሉ ዋጋ ነው። ከሁሉም ወገን የሚያሰላ እርሱ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ «ሂሳብ አይችልም» ብሎ የሚያማው ሰው ይገርመኛል።

በነገራችን ላይ ሕግ የሚባል ነገርም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1764 ሁኔታዎች ተለውጠው ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድ እንኳ ውሉ እንደጸና ይቆያል፣ ተዋዋዮቹ ካልተስማሙ በቀር አይለወጥም ይላል። «ገበያው ጨመረ» ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነበር። ግን ሕጉ የሚጠብቀው ውል ነው፤ እኛ ያለን ደግሞ «እንተሳሰባለን» ብቻ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። ኮንትራክተሩ የነቀነቀው እኛው በይሉኝታ ያላላነውን አጥር ነው። ይህን ንቀት የማይፈልግ ሰው መሐንዲስ ቀጥሮ የሥራ ዝርዝሩን ከነዋጋው ያስጽፍ፣ የዋጋ ለውጥ በየትኛው ዕቃ ላይ እንደሚታሰብ አስቀድሞ ይዋዋል፣ ተለክቶ ላልታየ ሥራ አይክፈል፣ ከየክፍያው ላይ መያዣ ያስቀር። መስኮቷንም ማስፋት ሲያምረው ዋጋዋ ተጽፎ ሁለቱም ሳይፈርሙ መዶሻ አይነሳ። ወንድማማችነቱ ከፊርማው በኋላም ይደርሳል።