ለ74 ፈረስ ሲባል

ቨርጂንያ ውስጥ የአዲስነት ጠረኑ እንኳ ያልለቀቀውን ጎልፍ ጂቲአይ መኪናውን ለሻጩ መልሶ፣ ገንዘብ ጨምሮ ጎልፍ አር የሚወስድ ሰው በችኮላ ሊወቀስ አይገባም፤ ስሌት አለው። ሁለቱም ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ናቸው፤ የ2022ቱ ጂቲአይ 241፣ አሩ ደግሞ 315 የፈረስ ጉልበት አላቸው። የተጨመሩት 74 ፈረሶች ግን መጋለቢያ ይፈልጋሉ፤ የግዛቲቱ ሕግ ደግሞ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳትን እስከ 12 ወር የሚያሳስር ወንጀል አድርጎታል። እስከ 85ማ አሮጌዋ፣ ማለትም የአምናዋ፣ ያለ ችግር ታደርስ ነበር። ወጪውም ቢሆን ቀልድ አይደለም። መኪና ዋጋው ክፉኛ የሚወርደው በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ሰውየው ያንን ኪሳራ ከፍሎ እንደጨረሰ ሁለተኛውን ሊጀምር ይሰለፋል። ብዙ ግዛቶች የተመለሰውን መኪና ዋጋ ቀንሰው በልዩነቱ ላይ ብቻ ሲቀርጡ፣ ቨርጂንያ ከአዲሱ ሙሉ ዋጋ 4.15 በመቶዋን ትቆርጣለች። ያልተከፈለ ዕዳ ካለም ወደ አዲሱ ብድር ይዛወራል፤ ወርሃዊ ክፍያው «ትንሽ ብቻ» ጨመረ ይባላል፣ የዓመታቱ መርዘም አይነሳም።

«በአራቱም ጎማ ይገፋል፣ ለበረዶ ይጠቅማል» የሚሉ አሉ። ለመነሳት አዎ። ለመቆም ግን ወሳኙ ጎማው ነው፤ አሩ ከፋብሪካ የሚወጣው የበጋ ጎማ አጥልቆ ነውና ለበረዶው ሌላ አራት ጎማ መግዛት ግድ ይላል። «ደስታውስ?» ለሚሉት መልስ የለኝም። ጠዋት አይ-66 አውራ ጎዳና ላይ ተገትሮ የ315 ፈረስ ጉርምርምታ መስማት በእርግጥ ደስታ ነው፤ የፊተኛው መኪና አንድ ሜትር ፈቀቅ ሲልም ክፍተቱን በአስደናቂ ፍጥነት መሙላት ይቻላል።