ድርሳነ አሳዳጅ፤ ወይም ዋሽንግተን ያስፈረመችው የ36 ዓመት ሰው በይፋግ ሚዛን ሲመዘን

ሊቃውንት እስከ ዛሬ ያልደፈሩትን ጉዳይ ልንደፍር ብዕር አነሣን። «አነሣን» ማለታችን ለክብር ነው እንጂ ያነሣሁትስ ብቻዬን ነኝ፤ ድርሳን ግን በነጠላ አይጻፍም። ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ዋሽንግተን ኮማንደርስ የተባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ቮን ሚለር የተባለ የ36 ዓመት ሰው ለአንድ ዓመት አስፈረመ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ይህን በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ የመርዶ ነበር። «አያ፣ ሽማግሌ አመጡብን» አለኝ። በማግስቱ ደውሎ ያንኑ ወሬ የምሥራች አደረገው። ከአንድ አፍ ሁለት ተቃራኒ ትምህርት ሲወጣ ጉባኤ መጥራት ግድ ይሆናል፤ ይፋግ ደግሞ ብዙ ነገር ቢጎድላት ሻይ ቤትና ተከራካሪ ጎድሏት አያውቅም።

ለመሆኑ ይፋግ በዋሽንግተን ጉዳይ ምን አገባት የሚል አንባቢ ካለ ካርታ ይግለጥ። ከተማችን በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል፣ በአስፋልቱ ዳር ናት። ስለዚህ ግማሹ ሰው የጣና ሞገዶቹ (የባሕር ዳር ከነማ)፣ ግማሹ የአፄዎቹ (የፋሲል ከነማ) ደጋፊ ሆኖ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ባሕር ዳር ከነማ አንድ ሰው ሲያስፈርም ወንበሩ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ፋሲል ከነማ ሲያስፈርም ወደ ግራ። በዝውውር መስኮት ወራት ሻዩ የሚቀዘቅዘው በአየሩ ብቻ አይደለም። በፊርማ ላይ የመፍረድ ሥልጣን የቦታ ሥልጣን መሆኑ በዚህ ይታወቅ።

አሁን ወደ ፍቺው እንግባ። የተፈረመው ሰው ሥራ በአሜሪካኖቹ አጠራር «ፓስ ራሸር» ይባላል፤ እኛ «ወርዋሪ አሳዳጅ» ብለን ሰይመነዋል፤ የሚቃወም ካለ ሌላ ቃል ይዞ ይቅረብ። የአሜሪካው እግር ኳስ እግር እምብዛም፣ ኳስም በወጉ ክብ ያልሆነበት ጨዋታ ነው። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ይቆማሉ፤ ባለ ኳሱ ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ መግፋት አለበት። ከኋላ ቆሞ ኳሱን የሚወረውር አንድ ውድ ሰው አለ። አሳዳጁ ግንብ የሚያህሉ ጠባቂዎችን አልፎ፣ ኳሱ ከእጁ ሳይወጣ በሦስት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይህን ሰው መሬት ላይ ይጥለዋል። ነገሩ ጉግሥን የገለበጠ ነው፤ በጉግሥ አሳዳጁ ይወረውራል፣ ተሳዳጁ በጋሻው ይመክታል፤ እዚያ ወርዋሪው ራሱ ይሳደዳል። ፈረስም የለም። የዚህ ጨዋታ አባት የጥምቀትን ጉግሥ በህልሙ አይቶ ጠዋት ላይ ከግማሽ በላይ ረስቶት ነው የሚል መላ ምት አለን፤ ማስረጃው ወደፊት ይመጣል።

ወርዋሪውን መጣል «ሳክ» ይባላል። ሚለር ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ 129 ተኩል ነበረው። ተኩሏ ጉባኤውን ግማሽ ቀን ወሰደችብን። ሰው በግማሽ እንዴት ይጣላል? በመጨረሻ አንድ አራሽ ተነሥቶ፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ ከጣለ ግማሽ ግማሽ ይደርሳቸዋል፣ ልክ እንደ እኩል እርሻ፣ ብሎ ገላገለን። የአጎቴ ልጅ በስልክ ትክክል መሆኑን አረጋገጠ።

የሰውዬው ታሪክ ረጅም ነው፤ የሚያከራክረውን ብቻ እንምረጥ። በ2011 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዴንቨር ብሮንኮስ ከአዲስ ተጫዋቾች መካከል በሁለተኛነት መርጦ ወሰደው። በየካቲት 2016 በሃምሳኛው ሱፐር ቦውል፣ ማለት በሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ የጨዋታው ኮከብ ሆነ። በ2022 መጀመሪያ ከሎስ አንጀለስ ራምስ ጋር ሌላ ዋንጫ አነሣ፤ ወዲያው ቡፋሎ ቢልስ በስድስት ዓመት 120 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። በዚያው ዓመት ኅዳር የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በ2013ም ተበጥሶ ነበር። በ2023 አንድም ሰው አልጣለም፤ በ2024 ሊጉ ለ4 ጨዋታ አገደው፣ ቢሆንም በዚያ ዓመት በጠቅላላው 6 ጣለ። ቡፋሎ በሦስት ዓመት 14 ሳክ ተቀብሎ በመጋቢት 2025 አሰናበተው። ስድስት ዓመት የተባለው በሦስት አለቀ ማለት ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ የይፋግ ጥንታዊ ጥበብ ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ዘመን ይፋግ የታወቀች የነጋዴ ገበያ ነበረች፤ በዚያ ዘመን የሚገበያዩባቸውም ሁለት ገንዘቦች ነበሩ፦ ማርትሬዛ ብርና አሞሌ ጨው። ጉባኤያችን በሁለት ትምህርት ቤት የተከፈለው በእነዚሁ ነው።

የማርትሬዛ ወገን እንዲህ ይላል። በብሩ ላይ የተቀረጸችው ንግሥት በ1780 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሞተች፤ ብሯ ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት እየተቀረጸበት መመታቱን ቀጠለ። የአገራችን ነጋዴ አዲስ ዓመት የተጻፈበትን ብር ቢሰጡት ፊቱን ያዞር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ካስመቱ በኋላ እንኳ ስንቱ ገበሬ አሮጊቷን አልለቅም አለ። ነጋዴው የሚመረምረው የዘውዷን ዕንቁ ነበር፤ ነጥቦቹ ተቆጥረው ካልሞሉ ወይም ተፈግፍገው ከጠፉ አይቀበልም። ስለዚህ የማርትሬዛ ወገን «ዕድሜ አይቆጠርም፣ ዕንቁ ይቆጠራል» የሚል ሕግ አወጣ፤ የሚለርም ዕንቁ ከወርዋሪው ፊት የሚነሣበት የመጀመሪያው እርምጃው ነው፤ 2024 ላይ የጣላቸው 6 ሰዎች ዕንቁው እንዳልተፋቀ ይመሰክራሉ፤ ይፈረም! እኔ ራሴ የዚህ ወገን ሊቀመንበር ነበርኩ።

የአሞሌ ወገን ቀልድ አያውቅም። አሞሌ ከአፋር ተቆርጦ በግመልና በአጋሰስ የመጣ ጨው ነው፤ ዝናብ ይፈራል፤ ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል፤ አንድ ጊዜ የተሰበረ ሁለተኛ ላለመሰበሩ ዋስ የለውም። የሰው ጉልበት ከጨው እንጂ ከብር አልተሠራም ይላሉ። አንዱ ሾፌር ጨምሮ፣ አሞሌ ከአፋር በራቀ ቁጥር እንደሚወደድ አስታወሰና «ሁለት ጊዜ የተሰበረ ጨው ሩቅ አገር ስለተወሰደ ብቻ ውድ መሰላችሁ» ብሎ ወገናችንን አሳፈረ። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሻይ ብቻ ጠጣን።

በመካከል አንድ የድጓ ደቀ መዝሙር (ለክርክር ሳይሆን ለቁርስ ነበር የገባው) የረሳነውን ነገር አነሣ። የድጓ ምስክር ቤቱ እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ቤተልሔም ነው። ሰው የትም ተምሮ ድምፁ የቱንም ያህል ቢወጣለት፣ ቤተልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ የድጓ መምህር አይባልም። ታዲያ ይህን ሰው ማን አስመሰከረው? የአጎቴን ልጅ በስልክ ጠየቅነው። ቡድኑ ከመፈራረሙ በፊት ሐኪም ያሳያል አለ። ደቀ መዝሙሩ «ሐኪም ጉልበቱን ያያል፤ ዜማውንስ?» ብሎ ሻዩን ጨርሶ ወጣ። ከጠቅላላው ጉባኤ ያልተመለሰ ጥያቄ ይህ ብቻ ነው።

ወደ ውሉ ስንመጣ ትልቁ ምሥጢር «እስከ» የምትለዋ ቃል ናት። ውሉ «እስከ 10.5 ሚሊዮን ዶላር» ይላል። አንድም፣ እስከ ማለት ድረስ ነው፤ ይደርሳል። አንድም፣ እስከ ማለት ወሰን ነው፤ አያልፍም። አንድም፣ እስከ ማለት ተስፋ ነው፤ ከጣለ ይከፈለዋል፣ ካልጣለ አይከፈለውም። የእኛ ሊግ ይህን ቃል ያውቀዋል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ እስከ 50 ሺህ ብር ብቻ እንዲሆን ጣሪያ ተቆርጦ ነበር። በሻይ ቤታችን አስተያየት ጣሪያ ሲሠራ በር መሥራትም አይረሳም፤ ከዚህ በላይ አንናገርም።

የአፄዎቹ ወገን ሙጂብ ቃሲምን ጠቀሰ። ተከላካይ የነበረን ሰው አጥቂ አድርጎ ማሰለፍ ዕብደት ተብሎ ነበር፤ ፋሲል ግን በ2013 ዓ.ም. ዋንጫውን አነሣ፣ ሙጂብም ለአልጄሪያው ጄ ኤስ ካቢሊ ፈረመ። የጣና ሞገዶቹ ወገን በ2015 ዓ.ም. ቡድኑ ሁለተኛ ወጥቶ በአፍሪካ መድረክ አዛም የተባለውን ቡድን በፍፁም ቅጣት ምት ማሸነፉን ነገረን፤ ከሚለር ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አልነገረንም። የአገሩ ትልቁ አስፈራሚ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው የሚለውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎችን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስቀምጠው መድፍ ሥሩ አሉ። አንሠራም፣ አናውቅም ቢሉም ሴባስቶፖልን ሠሩ። ወራት ፈጅቶ እስከ መቅደላ ተጎተተ። ከዚያስ ምን አደረገ? አሉኝ የአሞሌ ወገኖች። መቅደላ ላይ ዛሬም ተቀምጧል አልኳቸው። ሳቁ።

ክርክሩን የቆረጠችው የሻይ ቤቱ ባለቤት ናት። የአጎቴ ልጅ ሚለር ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሲማር የዶሮ እርባታ ሳይንስ ያጠና እንደነበርና እስካሁንም ዶሮ እንደሚያረባ ሲናገር ሰምታ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ዶሮ ያረባ ሰው ነው እንዴ? ታዲያ ምን ያከራክራችኋል?» አለችን። «ፈንግል ሲገባ የዓመት ድካም በሳምንት ይጠረጋል። ሰውየው ይህን ያውቃል። እነሱም ያውቃሉ። ለዚህ ነው ለአንድ ዓመት ብቻ የተዋዋሉት። የቡፋሎዎቹ ሞኝነት ዶሮን የስድስት ዓመት በሬ ማድረጋቸው ነው።» ሁለቱም ወገን ዝም አለ። ከእንግዲህ የድርሳኑ ሕግ ይህ ነው፦ አሮጌ አሳዳጅ ይፈረማል፤ ለአንድ ዓመት፤ እስከ በምትለዋ ቃል።

ያልጻፍነው አንድ ነገር ቀርቷል። የማርትሬዛ ወገን ሊቀመንበርነቴን የተውኩት በክርክር ተሸንፌ አይደለም። ባለፈው ዓመት፣ ዕድሜ አይቆጠርም የሚለውን ሕጌን ይዤ፣ ከአንድ ሻጭ ሻኛው ያማረ የፎገራ በሬ ገዛሁ። ደላላው «አያ፣ ጥርሱን እዩት እንጂ» ቢለኝ ዕንቁው ሻኛው ነው አልኩት። በሁለተኛው ትልም ቀንበር ላይ ተኛ። አንሡት ብንል፣ ብናባብለው፣ ጅራቱን ብንቆለምም አልነሣ አለ፤ ቀንበሩን ስንፈታለት ብቻ ራሱ ተነሥቶ ወደ ቤት ሄደ።

አሁንም አለ። ጠዋት ጠዋት በረቱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።