የክፍል ሙቀት

የላቦራቶሪ መመሪያው «በክፍል ሙቀት ይቀመጥ» ይላል፤ አጠገቡም ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ብሎ ጽፎበታል። የጻፈው ሰው በሚያዝያ መተማ ዮሐንስ አንድ ቀን ውሎ የሚያውቅ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቴርሞሜትሩ 40ን አልፎ ይውላል። መመሪያው የሚለውን የክፍል ሙቀት የምናገኘው ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ያውም መብራት ከሄደ ጥቂት ሰዓት ሲሆነው።

የአገሩ ሰው ላቦራቶሪ ሲባል ወባ ነው የሚመስለው። ጣት ይወጋል፣ ስላይድ ይቀባል፣ ውጤቱ ከሰዓት ይደርሳል። ካላዛርም ቢሆን በአርኬ39 ፈጣን ምርመራ ይለያል፤ ካልሆነም ከጣፊያ በተቀዳ ናሙና በማይክሮስኮፕ ይታያል። መከራው የሚጀምረው የካላዛሩ ታካሚ መድኃኒቱን ጀምሮ ሻል ሲለው እንደገና በትኩሳት ሲነድ ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ የደም ካልቸር ያዛል። ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ካለ መብቀል አለበት፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚታወቀው ከበቀለ በኋላ ነውና።

ኢ. ኮላይን የመሰለው ችግር የለውም፣ ያገኘውን በልቶ ያድራል። እነ ሄሞፊለስ፣ እነ ኒሞኮከስ፣ የማጅራት ገትሩ ሜኒንጎኮከስ፣ ከከብቱ ጋር ወደ ሰው የሚመጣው ብሩሴላ ግን አማቷ ቤት የገባች ሙሽራም እንደነሱ አትቀማጠል። ሄሞፊለስ ሄሚንና ኤንኤዲ የሚባሉትን ካላገኘ ንቅንቅ አይልም፤ ሁለቱንም የሚያገኘው ከደም ነው፣ ያውም በሙቀት ከፈነዳ ደም። ብሩሴላ ደግሞ ሲበዛ ሰነፍ ነው፤ ጠርሙሱን ሦስትና አራት ሳምንት ታቅፈህ መጠበቅ አለብህ። ኒሞኮከስ ይበቅልና ቶሎ ካላየኸው ራሱን በራሱ አሟሙቶ ይጠፋል። ቅዳሜና እሑድ ተረኛ ከሌለ ሰኞ የምታገኘው የደፈረሰ ሾርባ ብቻ ነው።

ለነዚህ የሚዘጋጀው ምግብ ብሬን ኸርት ኢንፊውዥን የሚባለው ነው። ከጥጃ አንጎልና ከበሬ ልብ የወጣ ዱቄት ነው፤ 37 ግራሙ በአንድ ሊትር ንጹህ ውኃ ይሟሟል፣ በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ አውቶክሌቭ ይገባል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ዱቄቱ ግን እርጥበት ይስባል፤ በሐምሌ ክዳኑ በደንብ ያልተከደነ ዕቃ በነሐሴ በቢላ የሚፈነቀል ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። ከቢላ የተረፈውን ፍርፋሪ መዝነህ 37 ግራም ነው ብትል ግማሹ ውኃ ነው። የተጣራ ውኃ ሲያልቅ የመኪና ባትሪ ውኃ ከሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ የደረሰ ባለሙያ አውቃለሁ። አልገዛም፣ ግን ደርሷል።

ተዘጋጅቶ በጠርሙስ የሚመጣው ይሻላል እንዳይባል፣ እኛ ጋ ሲደርስ የአገልግሎት ዘመኑ እያለቀ ነው። ደሙ እንዳይረጋ ውስጡ የሚጨመረው ኤስፒኤስ የሚባል ኬሚካል ደግሞ ሜኒንጎኮከስን ያዳክመዋል። ለሁሉም የሚስማማ ድግስ የለም ማለት ነው።

እሺ፣ ሚዲያው፣ ምግቡ ማለቴ ነው፣ አለ እንበል። ጥቅምት ነው፣ ሰሊጥ እየታጨደ ነው፣ ሳሉጉ፣ ለአጨዳ የመጣው የቀን ሠራተኛ፣ ከደለጎና ከቱመት እርሻ በትራክተር ተጭኖ ይመጣል። ከመምጣቱ በፊት ካምፑ አጠገብ ካለች መድኃኒት መደብር አሞክሳሲሊን ውጧል፤ ጤና ጣቢያ ካለፈም ሴፍትራያክሶን ተወግቷል። ደሙ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ግማሽ ሞት ሞቷል፣ እኛ ደግሞ ይብቀል ብለን እንጠብቃለን። ክንዱ ላቡና የሰሊጥ ሙጫው ከዋልካው አቧራ ጋር ተጋግሮበታል፤ በአልኮልና በአዮዲን ብታሸውም ጥጡ ጥቁር ሆኖ መውጣቱን አያቆምም። እስኪደርቅ ጠብቅ ይላል መመሪያው፤ ከኋላ ሃምሳ ሰው ተሰልፎ። ለአንድ አዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ያስፈልጋል። መርፌው ሲሞላ ሲያይ «ይኼን ሁሉ ደሜን ልትሸጡት ነው?» ይላል። በሦስት ሚሊ ሊትር ተስማምተን እንለያያለን። ከቆዳው የገባው ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያ ግን በማግስቱ አምሮበት ይበቅላል።

ከዚያ ኢንኩቤተሩ። ይኼን ነገር ለአለቆች ስንት ጊዜ ብናስረዳ አይገባቸውም፦ ተራ ኢንኩቤተር ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም። 37 ላይ ብትሞላው ክፍሉ 41 ከሆነ እሱም ወደዚያው ይወጣል። ቀን ከተቀቀለ በኋላ ሌሊት መብራት ይሄዳል፣ ጀነሬተሩ ናፍጣ የለውም፣ ወይም ናፍጣው ለኦፕራሲዮን ክፍል ተቆጥቦ ተቀምጧል (ይኼ ተገቢ ነው፣ አልከራከርም)። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚፈልጉት ፕሌቱን ጣሳ ውስጥ ከበራ ሻማ ጋር አስገብተን እንከድናለን፤ የዱሮ ዘዴ ነው፣ ይሠራል። በሚያዝያ ግን መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ሻማ ራሱ ጎብጦ ነው የምናገኘው። ጠርሙሱን ውጦ ራሱ የሚናገር ዘመናዊ ማሽን ይመጣላችኋል ተብለናል። ይምጣ፣ ግን ለእሱም የሚኖርበት ክፍል መቀዝቀዝ አለበት። ያለችው ኤሲ አስተዳደር ቢሮ ናት።

መተማ ያለችበት ምዕራብ ጎንደር ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ነው፤ በሽታው የሚነሣውም በዚሁ በደረቁና በሚያቃጥለው ወራት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በአገሪቱ በተሰጠው የሜንአፍሪቫክ ክትባት ኤ የሚባለው ዓይነት ረግቧል፤ ሲ፣ ደብልዩና ኤክስ ግን በቀበቶው ውስጥ አሉ። ስለዚህ የትኛው እንደመጣ ማወቅ ግዴታ ነው። ከጀርባ የተቀዳው ፈሳሽ ትራንስ አይሶሌት በሚባል፣ ግማሹ ጠጣር ግማሹ ፈሳሽ በሆነ፣ ከሰልና ስታርች በገባበት ጠርሙስ ወደ ጎንደር ይሄዳል። የአሜሪካው ሲዲሲ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ያስተዋወቁት እንደኛ ላለው ሩቅ ቦታ ነው፤ እውነቴን ነው፣ ጥሩ ሥራ ነው። አንድ ሕግ አለው፦ ናሙናው ከገባበት በኋላ በረዶ አይነካውም፤ ሜኒንጎኮከስ ብርድ ይገድለዋል።

ይኼንን ለሾፌር ማስረዳት ነው እንግዲህ። ሾፌሩ ደግ ሰው ነው፣ ክትባት ሲያመላልስ ኖሯል፣ ቅዝቃዜ ማለት ጥንቃቄ ማለት እንደሆነ ተምሯል። ጠርሙሱን በወረቀት ጠቅልዬ፣ «በረዶ አይንካው» ብዬ በቀይ ጽፌ ሰጥቼው ዞር ስል፣ ለእኔ አዝኖ አይስ ቦክሱ ውስጥ ይከተዋል። «ዶክተር፣ በዚህ ሙቀት ይበላሽብሃል ብዬ ነው እኮ።» ምን ትለዋለህ? 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮኪትን፣ ገንዳ ውኃን፣ ነጋዴ ባሕርን አልፎ አይከል ዳገት ላይ ሲወጣ ደጋው ራሱ ያቀዘቅዘዋል። መንገድ የተዘጋ ቀን ደግሞ ጠርሙሱ መስኮት አጠገብ ያድራል።

በጣም የሚያበግነኝ የደሙ ነገር ነው። አጋር ለሚባለው፣ ባክቴሪያው ፕሌት ላይ ለሚበቅልበት ጠጣር ምግብ፣ የበግ ደም ያስፈልጋል፤ የሰው ደም ፀረ እንግዳ አካልም መድኃኒትም ስላለበት አይመከርም። በዚህ ቆላ የጉሙዝ በግ የሚባል የራሱ ዝርያ አለ፣ ጠዋት ጠዋት በግቢያችን አጥር ሥር እየጮኸ ያልፋል። አንድ በግ ገዝቶ ማሰር፣ ከአንገቱ ደም ቀድቶ በመስታወት ዶቃ እያንቀጠቀጡ ማጥራት ይበቃ ነበር። በግ የሚገዛበት የበጀት ርዕስ የለም። ለእንግዳ መስተንግዶ ሲሆን ግን አለ።

አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች እንኳን እኛን ዓለምንም አስለቅሰዋል። የግርሻን ባክቴሪያ ኦበርማየር በርሊን ላይ ካየው ከመቶ ዓመት በላይ ማንም በጠርሙስ ሊያሳድገው አልቻለም፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ሳሊ ከትለርና ባልደረቦቿ ከኢትዮጵያውያን ሕሙማን ደም ወስደው፣ የጥንቸል ሴረም በገባበት ቢኤስኬ በሚባል ሚዲያ አበቀሉት። ደሙ ከኛው ነው፣ ሚዲያው ግን እኛ ጋ የለም። የበግ በጀት የሌለው ቤት ጥንቸል ከየት ያመጣል?

ይኼ ሁሉ አልፎ ጠርሙሱ ባዶ ሲወጣ «ዕድገት አልታየም» ብለን እንጽፋለን። አንባቢው ግን «ኢንፌክሽን የለም» ብሎ ያነበዋል፤ አንዳንድ ጊዜ መድኃኒት ይቋረጣል። ሳሉጉ በበኩሉ ውጤቱ ከጎንደር ሳይመለስ ሒሳቡን ተቀብሎ አገሩ ገብቷል፤ ስልኩ አይነሣም። በሩብ ዓመቱ ግምገማ ፖዘቲቭ ውጤት ያነሰበትን ምክንያት ግለጹ የሚል ሠንጠረዥ ይመጣል፤ የተሰጠው ቦታ አንድ መስመር ነው። እኛም እንደ ሌላው ሁሉ «የግብዓት እጥረት» ብለን ሞልተን እንመልሳለን።