ለክቡር አቶ ግምት

የየሰፈሩ የብረት ሥራ ዋና መሐንዲስ

ጉዳዩ፦ ወገቡ የረገበ የሮቶ ማቆሚያን ይመለከታል

አቶ ግምት ዲግሪ የላቸውም፤ ሥራ ፈትተው ግን አያውቁም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች ሮቶ የተሰቀለበት ግቢ ብዙ ነው፤ ከሥሩ ያለው የቱቦላሬ ማቆሚያም ብዙ ጊዜ የእርሳቸው የእጅ ሥራ ነው።

የጥራት ፍተሻቸው የታወቀ ነው። ብየዳው እንደበረደ ላዩ ላይ ወጥተው ሁለቴ ይዘላሉ፤ ካልተሰበረ «ዝሆን ይሸከማል» ብለው ሂሳባቸውን ይቀበላሉ። ክቡርነታቸው ቢበዛ ሰማንያ ኪሎ ቢመዝኑ ነው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ግን ውሃው ብቻ 2 ቶን ነው፤ ለዚያውም ዘሎ አይወርድም።

ማቆሚያው በእርግጥ አይሰበርም። ይረግባል እንጂ።

እስቲ ይሰላ። 1.5 ሜትር የሚረዝሙ አራት ባለ 80 በ40 ቱቦላሬዎች፣ ውፍረታቸው 2 ሚሊ፣ ውሃውን እኩል ቢካፈሉ ለእያንዳንዳቸው 500 ኪሎ ይደርሳቸዋል። ጭነቱ ወጥ ሆኖ ጫፍና ጫፋቸው ብቻ ከተደገፈ፣ በሰፊ ጎኑ የተጋደመው ብረት መሐሉ ላይ 8.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። በጠባብ ጎኑ የቆመው 2.8 ብቻ። መሐንዲሶች ከሚጠቀሙባቸው ገደቦች አንዱ የርዝመቱ 1/250ኛ ነው፤ እዚህ 6 ሚሊ መሆኑ ነው። ያው ብረት፣ ያው ዋጋ፤ ልዩነቱ ከመበየዱ በፊት አንዴ ማገላበጥ ነው። ክቡርነታቸው ግን ማጋደም ይወዳሉ፤ የተጋደመ ብረት ሲበየድ አይወላወልም።

ደንበኛ ሲያማርር «ወፍራም ግዛ» ይላሉ። ባለ 3 ሚሊው ተጋድሞ ሲሰላ 5.8 ይወርዳል። ገደቡን ለጥቂት አመለጠ፤ ነገር ግን 47 በመቶ ተጨማሪ ብረት በልቶም በነፃ ከቆመው ቀጭን ወንድሙ እጥፍ ይረግባል። «ጠንካራ ብረት» የሚለው ምክራቸውም ከስብራት እንጂ ከመርገብ አያድንም፤ የግንባታ ብረት ሁሉ፣ ርካሹም ውዱም፣ ግትርነቱ (የመለጠጥ ሞዱለሱ) 200 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ርዝመት ነው። ወጥ ጭነት የተሸከመ ብረት፣ በየሜትሩ ያለው ጭነት ሳይቀየር፣ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን መርገቡ 16 እጥፍ ይሆናል። መሐሉ ላይ የማይሰጥም እግር ቢገባለት ግን መርገቡ ወደ 1/16ኛ፣ ከዚያም በታች ይወርዳል። ለዚህ ስሌት መሠረት የጣሉት ኦይለርና ዳንኤል በርኑሊ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ናቸው፤ በኪሳቸው ካልኩሌተር ያለው ስልክ አልነበረም። በክቡርነታቸው ኪስ አለ።

ጡረታ ይውጡ ያላቸው የለም። ቀጣዩን ብረት አቁመው ይበይዱት። ለረገበው ደግሞ ሮቶው ባዶ ሆኖ እግር ይጨመርለት፤ ሞልቶ ሳለ የገባ እግር የረገበውን እንደረገበ ይዞት ይቀራል።

ግልባጭ፦
ለሜትር
ለካሊፐር
ለውሃ ልክ