የቀንበር በዓል

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ተሰይሞ፣ በህንድ አሳሳቢነትና ከ170 በሚበልጡ መንግሥታት ድጋፍ፣ ሰኔ 14 ቀን በየዓመቱ የዓለም የዮጋ ቀን ሆኖ እንዲከበር በወሰነ ጊዜ፣ ይህን የመሰለ ታላቅ ብሥራት ለከሚሴ ሕዝብ የሚያደርስ አንድ መልእክተኛ እንኳ አለመላኩ እጅግ ያሳዝናል። ዮጋ የሚለው የሳንስክሪት ቃል ከማጣመድ፣ ከመጥመድ ግስ የወጣ ነውና፣ በሰኔ ጭቃ ከቦርከና ግራና ቀኝ በጨፋ ሜዳ በሬዎቹን ጠምዶ የሚውለው ገበሬ የተከበረለት በዓል መሆኑን ቢሰማ ኖሮ፣ ቢያንስ በዚያች ዕለት ሞፈሩን ሰቅሎ ባረፈ ነበር። እርሱ ግን ቀንበሩን በቋንቋው ዋንጆ ብሎ ከመጥራት በቀር ስለ ጥበቡ የሚያውቀው የለም።

ባለፈው ክረምት አብሮኝ ወደ ከሚሴ የወረደው የአዲስ አበባ ወዳጄ ከዚህ ድንቁርና የጸዳ ሰው ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ወለሉ በተወለወለ አዳራሽ እየተጋደመ ሐሴትንና ጽሞናን እንዳገኘ፣ ጭንቀት የሚባል ነገር ከነፍሱ ተነቅሎ እንደ ወጣ መንገዱን ሙሉ ሲተርክልኝ ዋለ። ወገብ ማፍታታቱን እኔም አልክድም። ጽሞናው ግን ወርኃዊ ነው፤ ክፍያው የዘገየ እንደ ሆነ ከነአዳራሹ ይዘጋል።

ያደርንበት ቤት አባወራ፣ ዕድሜ የጠገቡ ሸህ፣ እንግዳቸው ጎሕ ሲቀድ ጥቅል ምንጣፍ በብብቱ ይዞ ወደ ግቢው ሲወጣ ባዩት ጊዜ መስገጃ መስሏቸው፣ እንዲህ ያለ ትጉህ ወጣት ከአዲስ አበባ በመምጣቱ አላህን አመስግነው፣ የውዱእ ውሃ በማንቆርቆሪያ አቀረቡለት፤ ቂብላውንም በእጃቸው አመለከቱት። ወዳጄም በትሕትና እጅ ነሥቶ ጀርባውን ለቂብላው ሰጠና፣ በእጁና በእግሩ መሬቱን ቆንጥጦ መቀመጫውን ወደ ሰማይ አቀና። ሸሁ ጥቂት ጠበቁ። ከዚያም ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ ሆድህን ቆረጠህ እንዴ? አላህ ያሽርህ!» አሉት። እርሱም እንደ ተጎነበሰ፣ ይህ የውሻ አኳኋን መሆኑን በአክብሮት አስረዳቸው። ሸሁ ከዚያ ወዲያ ቃል አልተነፈሱም፤ ጽሞና ማለት ይህ ከሆነ፣ በዚያች ማለዳ ያገኙት እርሳቸው ናቸው።

የዮጋ ሊቅ የሚባለው ፓታንጃሊ 200 በማይሞሉ አጫጭር አንቀጾቹ ውስጥ ስለ ሰውነት አቀማመጥ የተናገረው በሦስት ያህሉ ብቻ ሲሆን፣ መሠረተ ነገሩም መቀመጫው ጽኑና ምቹ ይሁን የሚል ነው። ይህን ትእዛዝ በከሚሴ የፈጸመ ማን ነው ቢባል፣ ዕጣኑ እየጤሰ፣ ዱአው እየተደረገ፣ ከአቦል እስከ በረካ ከስፍራቸው ንቅንቅ የማይሉትን ቡና ጠጪዎች ባመለከትሁ ነበር፤ ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ደረሰኝ የላቸውም፣ የምስክር ወረቀት የላቸውም፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ወዳጄ ለተመስጦው ጸጥታ ያሻው ስለ ነበር፣ ሕፃናቱ ከግቢው እንዲወጡለትና በደሴ መንገድ የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ጥሩምባቸውን እንዲቀንሱለት ለመነ። ሕፃናቱ ወጡ፤ በአጥሩ ቀዳዳም ተመለከቱት።

ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ይዤው ሄድሁ። ከአዳራሹ ትምህርቶች አንዱ የግመል አኳኋን መሆኑን ስለ ነገረኝ፣ ባለቤቱን ራሱን ሳያይ ቢመለስ በደል መስሎ ታየኝ። በግመል ተራ አንድ አፋር፣ ጭነት የተሸከመ ግመሉን በገመድ ስቦ ሲያንበረክከው ደረስን፤ ግመሉ ፊተኛውን ጉልበት አጠፈ፣ ኋለኛውንም አስከተለ፣ አንገቱን ወደ ላይ ሰብቆ ከሆዱ የሚወጣ ረጅም ማጉረምረም አሰማ። ወዳጄ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ መምህር ተመለከተውና፣ አተነፋፈሱ ልክ አይደለም አለኝ።